ሁለት ወቄት የማትሞላ ታካሚ

እማማ ወፏን ይዘው የመጡት በሐምሌ ዝናብ፣ በሻሻቸው ጫፍ ጠቅልለው ነበር። ከጅሬን ኮረብታ ሥር እስከ እንስሳት ክሊኒካችን በእግራቸው ነው የወረዱት። ጫማቸው ጭቃ፣ ትከሻቸው ውኃ ሆኗል፤ ሻሹ ግን ደረቅ ነበር፣ ብብታቸው ውስጥ ሸሽገው ነው ያመጡት። «የኔ ልጅ፣ ትንፋሽ አጥሯታል፤ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ድምጿም ጠፋ» አሉኝና ሻሹን ገለጥ አደረጉት።

አረንጓዴ ናት። ምንቃሯ ደማቅ ቀይ፣ ከክንፏ ሥር ጠቆር ያለች። ጅማ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃታል፤ ጠዋትና ማታ በቡድን ሆነው ከሾላ ወደ ሾላ እየተንጫጩ ከሚያልፉት ትንንሽ በቀቀኖች አንዷ ናት። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋማ ቦታዎች በቀር በተፈጥሮ የሚኖሩበት ሌላ አገር የለም። ግንባሯ ላይ ቀይ ስላልነበራት ሴት መሆኗን አወቅሁ፤ ቀይ ግንባር የወንዱ ነው። ያን ቀን ስለ እሷ በእርግጠኝነት የማውቀው ይህንኑ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል።

እጄን ዘርግቼ ተቀበልኳት። በየቀኑ ጥጃ የሚጥል፣ በግ የሚገለብጥ እጅ ነው። እንዳታመልጠኝም እንዳትነክሰኝም ሰግቼ ጠበቅ አደረግኋት፤ ጣቶቼ ደረቷ ላይ ዞረው ገጠሙ። አፏን ከፈተች። ጭራዋ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ከፍ ዝቅ ይል ነበር። የልቧን ምት ልሰማ ማዳመጫዬን ሳስጠጋ ዐይኗ ቀስ ብሎ ተከደነ፤ አንገቷ አውራ ጣቴ ላይ ዘንበል አለ። አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

«መጀመሪያም በጣም ተዳክማ ነበር፣ እማማ» አልኳቸው።

«አንቺ ምን ታደርጊ የኔ ልጅ፤ አላህ ይስጥሽ» አሉኝ። አልቀበልም ብልም የካርድ ከፍለው፣ ወፏን በዚያው ሻሽ መልሰው ጠቅልለው ሄዱ።

ወፏ መታመሟ እውነት ነው። የገደላት ግን እጄ ነበር። ይህን በደንብ የተረዳሁት ሁለት ወር ያህል ቆይቼ፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ እናቴ ማዕድ ቤት ውስጥ ነው።

እማዬ ዶሮ ስትበልት ማየት እወዳለሁ። መላላጫው፣ ፈረሰኛው፣ ታፋው፣ ክንፉ እያለች እስከ አሥራ ሁለተኛው ብልት ድረስ ቢላዋዋ አጥንት ሳይመታ በመገጣጠሚያው በመገጣጠሚያው ያልፋል። የዚያን ዕለት ዐይኔ የያዘው የመጨረሻ ሥራዋን ነበር። ከጀርባ አጥንቱ ሥር፣ በጎድኖቹ መሀል ተሰንቅሮ የቀረውን ሮዝ ስፖንጅ የመሰለ ነገር በጥፍሯ እየፋቀች ታወጣለች።

«ምንድነው እሱ?» አልኳት፣ የማላውቀው ይመስል።

«ሳንባው ነዋ! ተጣብቆ ነው የሚኖረው። ይሄ ካልወጣ ወጡ አያምርም።»

ተጣብቆ ነው የሚኖረው። በትምህርት ቤት ይህንኑ ተምሬ፣ ፈተና ላይ ጽፌ፣ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። ግን እማዬ እስክትለው ድረስ ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም ነበር። የእኛ ሳንባ ይነፋል፣ ይረግባል፤ የላሟም የውሻውም እንዲሁ። የወፍ ሳንባ ግን ከጎድኖቿ ጋር ተጣብቆ የሚኖር፣ እምብዛም የማይነፋ ነገር ነው። ደረትንና ሆድን የሚለየው ዲያፍራም የሚባለው ጡንቻም እኛ እንዳለን ሆኖ የላትም። የምትተነፍሰው በሰውነቷ ውስጥ በተበተኑ የአየር ከረጢቶች ነው፤ በአብዛኞቹ ወፎች ዘጠኝ ናቸው። ወፏ የደረት አጥንቷን ወደ ታችና ወደ ፊት ስትገፋ ከረጢቶቹ ይከፈታሉ፣ ስትመልሰው ይጨመቃሉ፤ አየሩም በሳንባዋ ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያልፋል። አንዴ የሳበችው አየር ተመልሶ እስኪወጣ ሁለት ጊዜ መተንፈስ አለባት። አንጥረኛ ቤት የገባ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ሳንባዋ ፍሙ ነው፣ ከረጢቶቹ ወናፎቹ ናቸው፣ ወናፉን የሚነፋው እጅ ደግሞ የደረት አጥንቷ ነው። ደረቷን የያዘ ሰው ወናፉን አስሮታል። አፍንጫዋ ተከፍቶ፣ ጉሮሮዋ ንጹሕ ሆኖ፣ በአየር መሀል ታፍና ትሞታለች።

እኔ ያደረግሁት ይህንን ነው።

ስለ ትምህርቴ ክፉ መናገር አልፈልግም። የእንስሳት ሐኪም ሆኜ የወጣሁት አገሪቱ ከምትፈልገው ነገር ተነስቶ በተቀረጸ ትምህርት ነው። ላሟ፣ በሬው፣ በጉ፣ አህያው። ወፍ ሲባል ደግሞ ዶሮ ነበር፤ ዶሮ ሲባል መንጋ። ኢትዮጵያ ከ50 ሚሊዮን በላይ ዶሮ ያለባት አገር ናት፤ ፈንግል ገብቶ በሦስት ቀን የመንደር ዶሮ ሲጨርስ ያየ ሰው ለምን በመንጋ እንደምናስብ ይገባዋል። በ1964 እ.ኤ.አ. ቢሾፍቱ ላይ የተቋቋመው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የፈንግል ክትባት ያመርታል፤ ከዚያም ውስጥ ሙቀት የሚችል፣ ዐይን ላይ ጠብ የሚደረግ፣ ማቀዝቀዣ ለራቀው መንደር የሚሆን ዓይነት አለ። ትልቅ ሥራ ነው፣ አከብረዋለሁ። በመንጋ አሠራር ግን አንዲት የታመመች ዶሮ ታካሚ አይደለችም። መረጃ ናት። ትታረዳለች፣ ሆዷ ይከፈታል፣ የቀሩትን ያጠፋው ምን እንደሆነ ይታያል። ስንቷን ዶሮ እንዲህ እንደከፈትኩ አላውቅም። ታማ የመጣችን አንዲት ወፍ አድኖ መመለስ ግን አንድም ቀን ተምሬ አላውቅም ነበር።

በሌላው ዓለም ይህ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። አሜሪካ ውስጥ የወፍ ሐኪሞች ማኅበር የተመሠረተው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ ወዲህ የእንስሳት ሕክምና ዲግሪ የያዘ ሰው ተጨማሪ ዓመታት በወፍ ብቻ፣ ወይም በወፍና ቤት ውስጥ በሚያዙ እንግዳ እንስሳት ላይ ሠልጥኖ፣ ተፈትኖ ስፔሻሊስት የሚባልበት መንገድ ተከፍቷል። ኤሊ፣ እባብ፣ ጥንቸል፣ እንሽላሊት። መጀመሪያ ሳነብ ቅንጦት መስሎኝ ነበር። እየቆየሁ ስሄድ ግን «እንስሳት» የምንለው ቃል ራሱ የሚያሳስት ሆኖ አገኘሁት። በዓለም ላይ ከ10,000 በላይ የወፍ ዝርያ አለ፤ በአገራችን ብቻ ከ850 በላይ ተመዝግቧል። እኔ ግን አንዷን፣ ዶሮን፣ አውቄ «ወፍ አውቃለሁ» እል ነበር።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ መማር ጀመርኩ። መብራት ሲኖር በኮምፒውተር፣ ሲጠፋ ቀን በስልኬ ባወረድኩት። ከተማርኩት ሁሉ በላይ የሠራሁበት ግን ሚዛን ነው።

ጅማ የፈረሱላ ከተማ ናት። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፤ የቡና ነጋዴ ልጅ ገና ማንበብ ሳይችል ያውቀዋል። የእኔም ሙያ ከዚያ የተለየ አልነበረም፤ በሬው 300 ኪሎ ይሆናል ብዬ በዐይኔ ገምቼ መድኃኒት እሰፍራለሁ። አሥር ኪሎ ብስት በሬው ምንም አይሆንም። የእማማ በቀቀን ግን 50 ግራም ገደማ ነበረች። አንድ ወቄት ወርቅ 28 ግራም አካባቢ ነው፤ ሁለት ወቄት የማትሞላ ታካሚ ማለት ነው። በሰውነቷ ውስጥ ያለው ደም ከክብደቷ አሥር በመቶ ያህል፣ አምስት ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ በአንዲት ትንሽ ሲሪንጅ ውስጥ ይገባል። ለምርመራ ልወስድባት የምችለው ቢበዛ ግማሽ ሚሊ ሊትር ነው፣ እሱም ጤነኛ ከሆነች። እኔ ከላም ደም ስወስድ በመርፌው ጫፍ ላይ የሚንጠባጠበውን እንኳ አልቆጥረውም ነበር።

የግራም ሚዛን ስላልነበረኝ ሂርማታ መርካቶ አንድ የማውቃቸው የወርቅ ቤት ባለቤት ዘንድ ሄድኩ። «ሀጂ፣ ሚዛንዎን ለአንድ አፍታ ያውሱኝ» አልኳቸው። ምን ልመዝን እንደሆነ ስነግራቸው ትንሽ ዝም አሉና የወርቁን ሳሕን በንጹሕ ጨርቅ ወልውለው ሰጡኝ። እስካሁንም የራሴን ከገዛሁ በኋላ እንኳ በዚያ ሳልፍ «ወፎቹ ደኅና ናቸው?» ይሉኛል።

ሚዛኑ ለምን ያን ያህል ያስፈልጋል? ወፍ ሕመሟን ስለምትደብቅ ነው። በዱር የደከመች መስላ የታየች ወፍ ጭልፊት ቀድሞ የሚለያት እሷን ነው፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ ጥሬ የምትበላ ትመስላለች፣ ልጣጩን እየጣለች ፍሬውን ሳትውጥ ትውላለች። ላባዋ ተነፋፍቶ፣ ዐይኗ ተጨፍኖ፣ ወለል ላይ ከተቀመጠች ለባለቤቷ «ዛሬ የታመመች» ናት፤ ለሐኪሙ ግን ቀናት ያለፏት ናት። ላባው ክሳቷን ይሸፍነዋል። ሚዛኑ ግን ቀድሞ ይናገራል፤ ከክብደቷ አንድ አሥረኛው ከጎደለ፣ ለእማማ በቀቀን አምስት ግራም ማለት ነው፣ ነገሩ አስቸኳይ ነው። አምስት ግራም የአንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ያህል ነው። አሁን ወፍ ላላቸው ሰዎች ሁሉ የምለምናቸው ይህንን ነው፤ በሳምንት አንዴ፣ ጠዋት ሳትበላ፣ በአንድ ሚዛን ይመዝኗት፣ ይጻፉት።

ሁለተኛው ልመናዬ ስለ ቡና ነው፤ በጅማ ይህን መናገር ቀላል አይደለም። ያ የወናፍ አተነፋፈስ አየርን ከእኛ በተሻለ ይጠቀማል፤ በዚያው መጠን መርዙንም ይጠቀማል። ድሮ በእንግሊዝ የከሰል ማዕድን ቆፋሪዎች ካናሪ ወፍ ይዘው ጉድጓድ ይገቡ የነበረው ለዚህ ነው፤ መርዛማውን ጋዝ ወፏ ከሰው ቀድማ ትወድቅለታለች። የእኛ ቤት ደግሞ ከሰሉ በምድጃ፣ ዕጣኑ በማጨሻ፣ ቡናው በብረት ምጣድ፣ መስኮቱ በብርድ ምክንያት ዝግ፣ የወፏ ጎጆ ደግሞ «ሰው እንዲታያት» ተብሎ ከረከቦቱ በላይ። እማማን ያን ቀን አልጠየቅኋቸውም። አሁን የትንፋሽ ችግር ያለባት ወፍ ስትመጣ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ቡና የሚፈላው የት ነው?» የሚል ነው። እንዳይጣበቅ ተቀብቶ የሚሠራው ዘመናዊ መጥበሻ ደግሞ ባዶውን እሳት ላይ ተረስቶ ሲግል የሚያወጣው ጋዝ ሽታ እንኳ ሳይኖረው ወፍ ይገድላል።

ሦስተኛው አቮካዶ ነው። በጅማ ጓሮ አቮካዶ መሬት ላይ ወድቆ ይበሰብሳል፤ ለሕፃን ይሰጣል፣ ለእንግዳ በጭማቂ ይቀርባል፣ ለወፍም በፍቅር ይቆረሳል። በውስጡ ፐርሲን የሚባል ነገር አለ፤ እኛን ምንም አያደርገን፣ በቀቀንንና ካናሪን ግን ልባቸውን መትቶ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሊገድል ይችላል። ይህን የነገርኳት አንዲት እናት «ከራሴ አፍ ቀንሼ ነው የሰጠኋት» ብላ አለቀሰች። ምን ብዬ እንደምመልስላት አላወቅኩም፤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ስለ መድኃኒቱ ብዙ መናገር እችላለሁ፤ እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነውና። ማንኛውም የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ መጀመሪያ እጅ የሚገባው ፔንስትሬፕ የሚባለው የአንቲባዮቲክ መርፌ ነው። በውስጡ ያለው ፔኒሲሊን ፕሮኬይን ከሚባል ማደንዘዣ ጋር የተያያዘ ነው፤ ለላም መልካም፣ ለትንንሽ ወፎች ግን ፕሮኬይኑ ራሱ መርዝ ነው። እማማ በሌላ ቀን፣ ወፏ ትንሽ ጠንክራ ሳለ መጥተው ቢሆን ኖሮ የማደርገውን አውቃለሁ፤ ፔንስትሬፕ እወጋት ነበር። በጥንቃቄ፣ መጠኑን ቀንሼ፣ ደግ የሠራሁ መስሎኝ።

ኤሊም አለ። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ከቆላ ያመጣውን ኤሊ «ትል አለበት መሰለኝ» ብሎ ይዞልኝ መጣ። እጄ ወደ አይቨርሜክቲን ሄዶ ነበር፤ ለበግ፣ ለላም፣ ለትል፣ ለእከክ የምንሰጠው እሱ ነው። ለኤሊ ግን አይቨርሜክቲን አንጎሉ ድረስ ገብቶ አካሉን ሽባ አድርጎ ይገድላል። ካነበብኩት ገና አሥር ቀን አልሞላኝም ነበር። ጠርሙሱን ወደ መደርደሪያው መልሼ ለረጅም ጊዜ እጄን ታጠብኩ። ለጥንቸል ደግሞ በአፍ የሚሰጥ አሞክሲሲሊን አንጀቷ ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ተሕዋስያን አጥፍቶ በተቅማጥ ይገድላታል፤ ጥንቸል የሚያረቡ ወጣቶች በከተማችን እየበዙ ስለሆነ ይህን እግረ መንገዴን እዚህ ማስፈሬ ነው።

አንድ ሐኪም አንዱን እንስሳ እያከመ ሌላውን ሊገድል እንደሚችል ግን ከሁሉ በላይ ያሳየኝ የሕንድ ክፍለ አህጉር ጥንብ አንሳዎች ታሪክ ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በሕንድ፣ በፓኪስታንና በኔፓል ጥንብ አንሳዎች ማለቅ ጀመሩ፤ በጣም ብዙ የነበረው ዝርያ ከመቶ ዘጠና አምስት በላዩ ጠፋ። መንስኤው የታወቀው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዲክሎፌናክ ነበር። ሰው ለወገብ ሕመም የሚውጠው፣ ሐኪሞች ለከብት ሕመም ማስታገሻ የሚወጉት መድኃኒት። የተወጋችው ላም ሞታ ሜዳ ላይ ስትጣል ጥንብ አንሳው ይበላታል፤ ኩላሊቱ ይወድቃል፤ በቀናት ውስጥ ይሞታል። በ2006 እ.ኤ.አ. ሦስቱ አገሮች ለእንስሳት እንዳይሰጥ ከለከሉ፤ በምትኩ ለጥንብ አንሳ የማይጎዳ ሜሎክሲካም የሚባል ማስታገሻ ተገኘ።

እነዚያን መርፌዎች የወጉት እንደ እኔ ያሉ ሰዎች ናቸው። አንዳቸውም ጥንብ አንሳ ታካሚያቸው መሆኑን አላወቁም። የኛን ጥንብ አንሳዎች፣ ቄራ አካባቢ ክንፋቸውን ዘርግተው ፀሐይ የሚሞቁትን ሳይ ይህ ይመጣብኛል። ስለዚህ ለአህያም ለበሬም ማስታገሻ ስጽፍ ሜሎክሲካም እስካለ ድረስ እሱን እጽፋለሁ። ለእኔ የወፍ ሐኪም መሆን የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ጠረጴዛዬ ላይ ወፍ በሌለበት ቀንም ስለ ወፍ ማሰብ።

ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ የጫማ ካርቶን ይዞ መጣ። ካርቶኑ ውስጥ ያው በቀቀን፤ ይሄኛው ግንባሩ ቀይ ነው። እግሩ በስፌት ክር ታስሮ ቆይቶ ክሩ ሥጋው ውስጥ ሰምጧል፤ እግሩ አብጧል፤ አንዱ ጣቱ ጠቁሯል። «ከጓደኛዬ ገዝቼው ነው ዶክተር፤ እኔ አላሰርኩትም» አለኝ ገና ሳልጠይቀው።

አብሮኝ የሚሠራው ሐኪም አልተስማማም። የዱር እንስሳት አዋጅ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝን ይከለክላል፤ ኢትዮጵያም ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሳይቲስ በተባለው ዓለም አቀፍ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ውስጥ አለች። «ካከምንለት ነገ ሌላ ይገዛል። ገዢ ካለ አጥማጅ አይጠፋም» አለኝ። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ እኔም ለብዙ ቀን አስቤበታለሁ። አሁንም የማምነው ግን ይህንን ነው፦ ልጁን ብመልሰው ወፉን ወደ ክሩ ነው የምመልሰው፤ ልጁም ሁለተኛ የታመመ ነገር ይዞ ወደ ማንም አይሄድም። ስለዚህ ከልጁ ጋር ተዋዋልን። አክመዋለሁ፣ ብር አልቀበልም፤ ሲድን ግን ወደ ዛፉ ይሄዳል። እስከዚያው ልጁ በየቀኑ እየመጣ ራሱ ይመዝነዋል፣ ራሱ ይጽፋል።

የመጀመሪያው ቀን 41 ግራም ነበር። ያን ቀን ወዲያው ክሩን አልነካሁም። ከሁለት ዓመት በፊት ቢሆን መጀመሪያ የማደርገው እሱን ነበር። ወፍ በደከመችበት ሰዓት ለሕክምና ተብሎ መያዝ ራሱ ሊገድላት እንደሚችል አውቄያለሁና፣ ሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ለብ ያለ ውኃ ሞልቼ በጨርቅ ጠቅልዬ ካርቶኑ ጥግ አስቀመጥኩ፣ በላዩ ጨርቅ ጣልኩበት፣ ጸጥ ባለው ክፍል ተውኩት። ሙቀት፣ ጨለማ፣ ዝምታ። ጤነኛ ወፍ ሰውነቷ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፤ የታመመች ወፍ ያለ የሌለ ጉልበቷን የምትጨርሰው ሙቀቷን ለመጠበቅ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ከቆዳው ሥር ጥቂት ፈሳሽ ሰጠሁት። ክሩን የቆረጥኩት ከሰዓት በኋላ፣ ልጁ የእጅ ባትሪ እያበራልኝ፣ በጥርስ ሐኪም ማጉያ መነጽር ነው። ደረቱን አልያዝኩም። ራሱን በሁለት ጣቶቼ መሀል አድርጌ፣ አካሉን በመዳፌ ብቻ ደግፌ፣ ደረቱ ሲወጣና ሲገባ እያየሁ ነበር የሠራሁት። በየሃያ ሴኮንዱ እያቆምኩ አሳርፈው ነበር።

የጠቆረው ጣት ወደቀ። እግሩ ተረፈ። ልጁ የሾላ ፍሬ ከአዌቱ ወንዝ ዳር እየለቀመ ያመጣል፤ እኔ እፈጫለሁ። በደብተሩ ላይ በእርሳስ የጻፈው አሁንም ጠረጴዛዬ ውስጥ አለ፦ 41፣ 41፣ 40፣ 42፣ 43፣ 43፣ 45። ሦስተኛው ቀን 40 ብሎ ሲጽፍ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። 49 ሲገባ በርና መስኮቱን ዘግተን ክፍሉ ውስጥ አስበረርነው፤ ከዳር እስከ ዳር ሦስት ጊዜ በርሮ አፉን ሳይከፍት አረፈ። በሚቀጥለው ቀን ጠዋት፣ ቡድኑ በሾላው ላይ ሲንጫጫ፣ ልጁ ራሱ ካርቶኑን ከፈተው። ከሄደ በኋላም ባዶውን ካርቶን ይዞ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ «ትምህርት ቤት ረፈደብኝ» ብሎ ሮጠ።

ከዚያ በኋላ ነው እማማን ለመፈለግ የወሰንኩት። ቤታቸውን ማግኘት አላስቸገረኝም፤ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሚወጣው መንገድ፣ ጓሮው ሁለት የአቮካዶ ዛፍ ያለው ቤት ነው። በረንዳው ላይ ቡና እየለቀሙ አገኘኋቸው፤ አላስታወሱኝም። የወፏን ነገር ሳነሳ ግን አወቁኝ፤ ቁጭ በይ አሉኝ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ትንፋሿ ያጠረው በሕመም እንደነበረ፣ የቆመው ግን በእጄ እንደሆነ፤ ያን ቀን «ተዳክማ ነበር» ያልኳቸው ራሴን ለማዳን እንደሆነ። እማማ ቡናውን መልቀም አቆሙ። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ ጓሮ ዶሮዎቹ ይንኮሻኮሻሉ። እኔ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «አራት ዓመት ነበር የያዝኳት» አሉ ብቻ። ሌላ ነገር ይናገሩ እንደሆነ ጠበቅሁ፤ አልተናገሩም።

ከዚያ ተነስተው ወደ ጓሮ ገቡ። አንዲት ጫጩት ይዘው ተመለሱ፤ ጠበቅ አድርገው፣ እኔ ያን ቀን እንደያዝኩት፣ ጣታቸው ደረቷ ላይ ዞሮ።

«እንዴት ነበር መያዝ የነበረብሽ?» አሉኝ።

ጣታቸውን አንድ በአንድ አላቀቅኩላቸው። ሌባ ጣታቸውንና መሀል ጣታቸውን በአንገቷ ግራና ቀኝ አሳለፍኩ፣ ጀርባዋን መዳፋቸው ላይ አሳረፍኩ፣ ደረቷን ክፍት ተውኩት። ጫጩቷ ጩኸቷን አቆመች። ደረቷ በፍጥነት ይወጣል፣ ይገባል፤ ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየነው።

«እንዲህ?» አሉ እማማ።

«ትንሽ ላላ ያድርጉት።»

አላሉት።